የሰፈር ድመቶችን ይዞ ማስመከን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነው የምንኖረው። ጎረቤቶቻችን ለልማት ሲነሡ ድመቶቻቸው እዚያው ቀሩ፤ አሁን ተዋልደው ግቢያችንን ሞልተውታል። ሰው ሲቀርባቸው ይሸሻሉ። እኔና ጥቂት ጎረቤቶቼ በበጎ ፈቃድ ልናስመክናቸው ብንነሣም በእጅ መያዝ አልቻልንም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ በእጅ መሞከሩን ተዉት። የፈራች ድመት ማጅራቷን ብትይዟትም ዞራ ትነክሳለች። የሚያስፈልጋችሁ የሽቦ ሳጥን ወጥመድ ነው፤ የሚሸጥ ካጣችሁ ብየዳ ቤት አሠሩ። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ካጠረ በሩ ሲወድቅ ጀርባዋን ይመታታል፤ ያኔ ወደ ኋላ ታመልጣለች፣ ዳግመኛም ወጥመዱን አትጠጋም። የሽቦው ቀዳዳ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ስትታገል አፍንጫዋን ታቆስላለች፣ ውጭ ያሉትም መዳፋቸውን ሰደው ምግቡን ይወስዱታል። በሩ ከወረደ በኋላ ከውስጥ ሲገፋ እንዳይነሣ መቀርቀሪያ ይኑረው፤ ሠሪው ይህን እንዳይረሳ አደራ።

ከመያዛችሁ በፊት ከእንስሳት ሐኪም ቀጠሮ ያዙ፤ ድመቷን ከነወጥመዷ ተቀብሎ በሽቦው መሐል ማደንዘዣ መውጋት ይችል እንደሆነም ጠይቁ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ አብሏቸው፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ትርፉን አንሡ። በሁለተኛው ሳምንት ምግቡን በሩ ክፍት ሆኖ በታሰረ ወጥመድ ውስጥ አድርጉላቸው። ሊያዙ 24 ሰዓት ሲቀር ምግብ ይቁም፣ ውሃ ግን አይከልከሉ።

ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው አዝኖ ፍርፋሪ ከጣለላቸው የጠገበች ድመት ወጥመዱን ዞር ብላ አታይም። ስለዚህ ግቢውን ሁሉ፣ ጥበቃውንም ጭምር አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ድመቶቹ የሚያድሩት ሥጋ ቤት ጓሮ ከሆነ ደግሞ ዐቢይ ጾም ጥሩ ጊዜ ነው፤ ቤቱ ሲዘጋ ይርባቸዋል። በፋሲካ ሰሞን አጥንቱም አንጀቱም በየጥጉ ስለሚጣል አትድከሙ።

ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ሽቦ መርገጥ አይወዱም። አንድ ማንኪያ የቆርቆሮ ሳርዲን ወይም የተቀቀለ ሳንባ ከመርገጫው (ድመቷ ስትረግጠው በሩን ከሚጥለው ጠፍጣፋ ክፍል) ወዲያ፣ ከወጥመዱ መጨረሻ ላይ አኑሩ። ወደ በሩ ካስጠጋችሁት መርገጫውን ሳትረግጥ በልታ ትሄዳለች። የተያዘች ድመት ራሷን ከሽቦው ጋር ታላትማለች፤ ወዲያው በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኗት፣ ሲጨልምባት ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። የመንደር ውሾች ስላሉ ወጥመዱን ያለ ጠባቂ ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

ሐኪሙ ሲያመክናት የእብድ ውሻ ክትባትም ይስጣት፤ መምከኗ ከሩቅ ታውቆ ዳግመኛ እንዳትያዝ የግራ ጆሮዋን ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ አድርጎ ይቁረጥላት። ከዚያ ወንዱን 24፣ ሴቷን 48 ሰዓት ቤት ውስጥ አቆዩ። ከማደንዘዣ የምትነቃ ድመት ሙቀቷን መጠበቅ ያቅታታልና፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታሳድሯት። በደንብ ሳትነቃ አታብሏት። የምትለቋት ከተያዘችበት ቦታ ነው። ሌላ ሰፈር መጣል በደል ነው፤ ምግቡንም መሸሸጊያውንም አታውቀውም፣ ልመለስ ስትልም መኪና ይበላታል።

ጥያቄ፦ ጡቷ ያበጠ ድመት ወጥመዳችን ገባች። እንውሰዳት ወይስ እንልቀቃት?

መልስ፦ ጡቷ ዙሪያ ያለው ጸጉር ተልሶ ከተገለጠና ቆዳው ከቀላ እያጠባች ነው። ግልገሎቹን ካላገኛችኋቸው ልቀቋት፤ በረሃብ ያልቃሉ። አምስት ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው ራሳቸው መብላት ስለሚችሉ ያኔ ያዟት። ከዚያ ወዲያ አታቆዩት፤ እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናውም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስምንት ሳምንት ያልሞላቸው ግልገሎች ሰው ይለምዳሉና ቤት ፈልጉላቸው። የላም ወተት ግን አትስጧቸው፤ ያስቀምጣቸዋል።

ጥያቄ፦ አንዷ ስትያዝ ጣቴን ነከሰችኝ። ቁስሉ ትንሽ ነው። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት፣ ቅጠልም አመድም አያድርጉበት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ቶሎ ይገጥማል፤ ተሐዋስያኑ ውስጥ ቀርተው ጣቱ ያብጣል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ይህንንም ይመልከትልዎ። ድመቷን ማቆየት ከቻላችሁ ሐኪም እያያት 10 ቀን ትጠበቅ፤ የእርስዎ ክትባት ግን እስከዚያ አይዘግይ።