የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብሪሙ ያለው እግርህ ሥር ነው

ባለፈው እትም ስለ ዓሣ ማጥመድ ሁለት መስመር ጻፍ አድርጌ ባልፍ የደብዳቤ መዓት መጣብኝ። አብዛኞቻችሁ የሜልበርን ነዋሪዎች ናችሁ። የምትጠይቁትም ስለ አንድ ዓሣ ነው፤ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ውስጥ ስላለው ጥቁር ብሪም። ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ፉትስክሬይ ነው። ያደግኩት ሐዋሳ ነው፤ ልጆች ሆነን በሸንበቆ፣ በክርና በትል ቆሮሶ እናወጣ ነበር። እዚህ ግን አምስት ቅዳሜ ሙሉ ፉትስክሬይ ፓርክ ሥር ወንዙ ዳር ቆሜ አንድ ብሪም አልያዝኩም። ዘንጌ 3 ሜትር ከግማሽ ነው፣ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስም ከበድ ያለ ስለሆነ እስከ ወንዙ መሃል ይሄድልኛል። መንጠቆው ላይ የማደርገው ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን የተቀቀለ ፕራውን (ሽሪምፕ የሚባለውን) ነው። አጠገቤ የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ ግን በትንሽዬ ዘንግ ያወጣሉ። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐዋሳ እያለህ በትንሽ መንጠቆ፣ በትንሽ ትል፣ ከዳር ሳትርቅ ነበር የምታጠምደው። እዚህ ስትመጣ ዕቃህ ሁሉ ገዘፈ። ችግሩ እሱ ነው።

ብሪም ምን እንደሚበላ ካወቅህ የት እንዳለም ታውቃለህ። ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ዛጎል፣ ትንንሽ ሸርጣን፣ ጭቃ ውስጥ ያለ ትል፣ ፕራውን ነው ምግቡ። አንድ ቀን ስትይዝ አፉን ከፈት አድርገህ እየው። ከፊት የሚነክስባቸው ሹል ጥርሶች አሉ፤ ከኋላ ደግሞ ዛጎል የሚፈጭባቸው፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ደንደን ያሉ። እና ይሄ ሁሉ ምግብ በብዛት ያለው ወንዙ መሃል አይደለም፤ ዳር ነው። የድንጋዩ ግንብ ሥር፣ የድልድዩ ምሰሶ ጋ፣ የጀልባ መቆሚያው ጣውላ ሥር፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ጋ። አንተ መሃል ስትወረውር ዓሣውን አልፈኸው ነው የምትወረውረው። እርግጠኛ ነኝ፣ ሽማግሌው ከቆሙበት ብዙም ሳይርቁ ነው ጣል የሚያደርጉት።

አሁን ዕቃውን እንቀይር። 2 ሜትር አካባቢ የሆነ ቀጭን ዘንግ ይበቃሃል። ክሩ 3 ኪሎ የሚችል ይሁን። ከዋናው ክር ጫፍ በትንሽ ስዊቭል (ሁለት ክር የሚያገናኝ፣ የሚሽከረከር የብረት ማያያዣ) አንድ ሜትር የሚሆን ፍሎሮካርበን የሚባል ክር ቀጥልበት፤ ውሃ ውስጥ ብዙም አይታይም፣ ብሪም ደግሞ ተጠራጣሪ ዓሣ ነው። መንጠቆው 4 ቁጥር ቢሆን ጥሩ ነው (ሱቅ ስትገባ እንዳትሳሳት፣ በእነዚህ መንጠቆዎች ቁጥሩ ከፍ ሲል መንጠቆው ያንሳል)። እርሳሱ ከስዊቭሉ በላይ ክሩ ላይ ወዲህ ወዲያ የሚንሸራተት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። ወራጁ ጠንከር ካለ ትንሽ ከፍ አድርግ። ውሃው ከተኛ ግን ጭራሽ ያለ እርሳስ ሞክረው፤ ማባበያው እያረፈ እያረፈ ሲወርድ ብሪም መጠርጠሩን ይተዋል።

የተቀቀለውን ፕራውን ቤት ብላው። ለዓሣው ጥሬውን ግዛ። ጭንቅላቱንና ቅርፊቱን አውጣ፣ ሥጋውን የአውራ ጣትህን ግማሽ በሚያህል ቁረጥ፣ ከዚያ መርፌ ክር እንደምታስገባ መንጠቆውን ሁለት ጊዜ አሳልፍበትና ጫፉ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታይ። ጫፉ ሥጋ ውስጥ ከተቀበረ ዓሣው ማባበያውን ገፎህ ይሄዳል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማባበያ ግን የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ በሕይወት እያለ የሚሸጠው የባሕር ትል ነው። ውድ ነው፣ ግን ያዋጣል። ከዝናብ በኋላ ከጓሮህ የምትቆፍረው ትልም ይሠራል፣ እሱን ለአንተ ለሐዋሳ ልጅ አላስተምርም። የዶሮ ደረት እንደ ጣት ቀጠን አድርጎ ቆርጦ፣ ወይም የዳቦ ሊጥ ጠንከር አድርጎ አቡክቶ መጠቀምም ይቻላል። ዛጎል ከባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ልልቀም እንዳትል፤ ሜልበርን ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ፖርት ፊሊፕ ቤይ፣ ዳርቻ ላይ የተከለከለ ነው።

አነካከሱን ደግሞ ልንገርህ። መጀመሪያ የዘንጉ ጫፍ ላይ ነካ፣ ነካ ያደርጋል። ቅመሳ ነው ይሄ። እዚህ ላይ ከጎተትክ አበቃ፣ አፉ ውስጥ ገና ምንም የለም። ዘንጉን ዝቅ አድርገህ ክሩን ላላ አድርግለት። ከዚያ ክሩ ቀስ ብሎ መሄድ ይጀምራል፣ ዓሣው ይዞት ወደ ምሰሶው ሊገባ ነው ማለት ነው። ያኔ ዘንጉን ቀና አድርግ። በኃይል መንጠቅ ሳይሆን ቀና ማድረግ ነው ያልኩህ። ከዚያ በኋላ ግን አትለማመጠው፣ ምሰሶውን ከዞረ ክሩን ዛጎሉ ይቆርጠዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመህ ከሆነ አምስቱ ቅዳሜ አይገርመኝም። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ጨለም ሲል፣ ወይም ገና ሲነጋጋ ሂድ። ያ ወንዝ እስከ አቮንዴል ሃይትስ ድረስ የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል አብሮ ይሞላል ይጎድላል፣ እና ውሃው መሙላት ሲጀምር ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ጥሩ ናቸው። ትልቅ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ንጹሁ ውሃ ጨዋማውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ብሪሙም አብሮ ይወርዳል። ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ዝናብ ሰሞን ማባበያህ ወለሉ ላይ ይረፍ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ከሰንሻይን ነን። የሱቁ ሰውዬ «በርሊ ካልጣላችሁ ምንም አትይዙም» አለን። ዓሣ ለመጥራት የሚበተን ምግብ ነው ሲሉን አንድ ሙሉ ዳቦ ቆራርሰን ወንዙ ውስጥ ጣልን። የመጡት ዳክዬዎች ናቸው። በዚያው ላይ ጓደኛዬ «እንጀራስ አይሠራም?» ይላል።

መልስ፦ ሰውዬው እውነቱን ነው፣ አሠራሩን ግን አልነገራችሁም። በርሊ ሽታው እንዲጠራው ነው እንጂ እንዲያጠግበው አይደለም። እናንተ ድግስ ደግሳችሁ ነበር። የጠገበ ብሪም መንጠቆ ላይ ያለውን ምን ያደርገዋል? ደረቅ ዳቦ ደግሞ ይንሳፈፋል፣ ለዚያ ነው ዳክዬ የበላው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሦስት ቁራጭ ያደረ ዳቦ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። አንድ እፍኝ የዶሮ መኖ፣ ያ እንክብል የሚመስለውን፣ እጨምራለሁ። አንድ ጥሬ ሰርዲን በቢላ ደቅቄ ከነሆድ ዕቃው ከነደሙ እከተዋለሁ። የሰርዲን ዘይት ካለ ጠብ አደርጋለሁ። ከዚያ ዋናው ነገር፣ ሁለት እፍኝ አሸዋ። አሸዋው ነው ይዞት የሚወርደው። እጅ ውስጥ ሲጨመቅ የሚይዝ፣ ውሃ ሲነካው የሚፈርስ መሆን አለበት፤ ካልያዘ ዳቦ፣ ካልፈረሰ አሸዋ መጨመር ነው። እጃችሁ ለሁለት ቀን ይሸታል፣ ሎሚ ያስለቅቀዋል።

የሎሚ ያህል እያድበለበላችሁ መጀመሪያ ሦስት ጣሉ። ከዚያ በየአሥር ደቂቃው አንድ፣ አለቀ። ማታ ሙሉ አንድ ትንሽ ባልዲ እንኳን አትጨርሱም።

የት እንደሚጣል ደግሞ ብዙ ሰው ይስታል። ወራጁ ይዞት ስለሚሄድ ከመንጠቆው ትንሽ ከፍ ብሎ ከላይ በኩል ነው የሚጣለው፣ ሲወርድ መንጠቆው አካባቢ እንዲያርፍ። ግን «ላይ» የቱ ነው? ባሕሩ ሲሞላ ይሄ ወንዝ ወደ ኋላ ይሄዳል! እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን ምሽቱን ሙሉ በርሊዬን ለሌላ ሰው እየላክሁ ነበር፣ ከእኔ ከፍ ብሎ የቆመው ልጅ አራት አወጣ። አሁን መጀመሪያ አንድ ቅጠል ውሃው ላይ ጥዬ የት እንደሚሄድ አያለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሜ አያለሁ።

ትንንሽ ዓሣዎች መጥተው ውሃው ላይ ቢረባረቡ አትናደዱ። ፍርፋሪው ከሥር ይወርዳል፣ ብሪሙም ከሥር ነው ያለው።

እንጀራን በተመለከተ፣ ሞክሬዋለሁ። መንጠቆ ላይ አይቆምም፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ድርቆሽ ግን ሌላ ነው። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በዳቦው ፋንታ ከአሸዋው ጋር ብታሹት ቆንጆ በርሊ ይወጣዋል። ወጥ የነካው ግን አይሁን፣ ጨውና በርበሬ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ከማሪቢርኖንግ ወንዝ ዓሣ እየያዘ ማምጣት ጀምሯል። እኔ መጥበስ እወዳለሁ፣ ግን ወንዙ የከተማ ወንዝ ነው። ምራቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ብንበላው ችግር አለው?

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ይሄን ጥያቄ ብዙ አጥማጅ አይጠይቅም፣ እርስዎ ግን ጠየቁ።

የቪክቶሪያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከታችኛው ያራና ከማሪቢርኖንግ ወንዝ የተያዘ ዓሣ በመጠኑ ብቻ እንዲበላ ይመክራል። ምክንያቱም ከድሮ ፋብሪካዎችና ከከተማው የወረደ ኬሚካል ዓሣው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ምክሩ ከሌላው ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ምራትዎ ከዚህ ወንዝ ዓሣ ባትበላ ደስ ይለኛል። ልጅዎ የባለሥልጣኑን ድረ ገጽ ከፍቶ ምክሩን ያንብብልዎት፣ ሌላ ውሃ ሲሄድም እንደዚያው። ከዚህ ወንዝ የያዘውን ቢለቀው፣ ለመብል ሲፈልግ ደግሞ ከከተማ ራቅ ቢል ይሻላል። ጊፕስላንድ ሌክስ የሚባለው የሐይቆች አካባቢ በብሪም የታወቀ ነው፣ መንገዱ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከዚያ ሲያመጣልዎት፣ እንደያዘው ወዲያው ገድሎ፣ ደሙን አፍስሶ በረዶ ውስጥ ማስገባት አለበት፣ በላስቲክ ፀሐይ ላይ የዋለ ብሪም ሥጋው ይልማል። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ ይፋቁት፣ የጀርባው እሾህ ስለሚወጋ በፎጣ ይያዙት። ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው ጨውና ሎሚ ያስገቡበት፣ ዱቄት ነካ አድርገው በጋለ ዘይት ሙሉውን ይጥበሱት። ከዳጣ ጋር! በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ግን ለንስሐ አባትዎ ልተውልዎ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል? ስንት መያዝ ይቻላል?

መልስ፦ ቪክቶሪያ ውስጥ ዕድሜህ ከ18 እስከ 69 ከሆነ አዎ። ለሦስት ቀን፣ ለ28 ቀን፣ ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ይሸጣል፣ ኢንተርኔት ላይ በደቂቃ ይወጣል። የጡረታ ካርድ ካለህ ነፃ ልትሆን ትችላለህ፣ አጣራ። ብሪም ከ28 ሳንቲሜትር ካነሰ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ በቀን ለአንድ ሰው ከ10 አይበልጥም። ኒው ሳውዝ ዌልስ ከሄድክ መጠኑ 25 ሳንቲሜትር ነው፣ ፈቃዱም ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሿን ብሪም መልቀቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን መንጠቆውን እስከ ጉሮሮዋ ውጣዋለች። ስጎትተው ደማች፣ ለቀቅኳት ግን ተገልብጣ ሄደች። በጣም ከፋኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የከፋሽ ስለሆነ ነው ይሄን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት። ጥቁር ብሪም ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። እጅሽ ላይ ትንሽ የመሰለችሽ የብዙ ዓመት ዓሣ ልትሆን ትችላለች።

የዋጠችውን መንጠቆ በፍጹም አትጎትቺ። ክሩን አፏ አጠገብ በመቀስ ቁረጪና ከነመንጠቆው ልቀቂያት። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን አውስትራሊያ ውስጥ ብሪም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት መንጠቆው ከተነቀለባቸው ይልቅ ክሩ የተቆረጠላቸው በጣም ብዙ እንደሚተርፉ ነው፤ ብዙዎቹም ከጊዜ በኋላ መንጠቆውን ራሳቸው ያወጡታል። ከመንካትሽ በፊት እጅሽን አርጥቢ፣ ደረቅ እጅ የሚጠብቃትን ልጋግ ይገፍፋል። ደረቅ ኮንክሪት ላይ አታስተኛት። ሆዷን ሳትጨምቂ ከሥር ደግፈሽ ውሃ ውስጥ ያዣት፣ ስንጥቧ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታይሻል፣ ራሷ ስትገፋ ያኔ ልቀቂ።

ለወደፊቱ ደግሞ ዘንጉን ትተሽ ወሬ አትያዢ። ብዙ ጊዜ መንጠቆ የሚዋጠው ክሩ ሲሄድ ያየ ሰው ሲጠፋ ነው። መቀሱን በክር አስረሽ አንገትሽ ላይ አንጠልጥይው፣ ጨለማ ውስጥ ቦርሳ ስትበረብሪ ዓሣዋ አየር ላይ ነው ያለችው።