ጥያቄውን የሚልከው ማን ነው? ለወጣት የኔትወርክ ባለሙያዎች

የተከበራችሁ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

አይጂኤምፒ ስኑፒንግን (ስዊቹ የአባልነት መልእክቶችን አዳምጦ ትራፊኩን ለሚፈልጉት ፖርቶች ብቻ የሚያስተላልፍበትን አሠራር) በስዊች ላይ ማብራት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ በብዙ ስዊቾች ላይ እንዲያውም ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችሁ የመልቲካስት (አንድ ምንጭ ለብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ የሚልከው ትራፊክ) አባልነትን እንዳለቀለት ጉዳይ ቆጥራችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ ግን አንድ ቪላን (በስዊቾች ላይ በቅንብር የተለየ ንዑስ ኔትወርክ) ስረከብ አስቀድሜ የማጣራው ስኑፒንጉ መብራቱን ሳይሆን፣ በዚያ ቪላን ውስጥ የአባልነት ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ መኖሩን ነው።

አይጂኤምፒ በተቀባይ መሣሪያና በራውተር መካከል የሚደረግ ንግግር ነው። ስዊቹ በመሃል ሆኖ የሚያልፈውን መልእክት እያዳመጠ የትኛው ፖርት የትኛውን ቡድን (በአንድ የመልቲካስት አድራሻ የሚላከውን ስርጭት) እንደሚፈልግ በሠንጠረዡ ይመዘግባል። ይህ ምዝገባ ግን ካልታደሰ አይቆይም። ኩዌሪየር የሚባለው ጠያቂ መሣሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ራውተሩ፣ በመደበኛው ቅንብር በየ125 ሰከንዱ ጥያቄ ይልካል፤ ተቀባዮችም በ10 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ፤ ለ260 ሰከንድ መልስ ካልተሰማ ፖርቱ ከቡድኑ ይሰረዛል። ጠያቂ ከሌለ ደግሞ መልስ የሚሰጥም አይኖርም።

ራውተር በሌለበት የካሜራ ቪላን ውስጥ ይህ ጉድለት ራሱን የሚገልጠው ዘግይቶ ነው። ተቀባዩ ሲበራ ማንም ሳይጠይቀው የአባልነት መልእክቱን ስለሚልክ ምስሉ ወዲያው ይመጣል፤ ከአራት ደቂቃ ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን ቀጥ ይላል። መሣሪያውን አጥፍተው ሲያበሩት ይመለስና በዚያው ጊዜ እንደገና ይቆማል። ገመዱና ካሜራው ያለ ጥፋታቸው የሚቀየሩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ብልሽቱ ሰዓት የሚጠብቅ ከሆነ በቅድሚያ ኩዌሪየሩን ፈልጉ።

ኩዌሪየሩ የሚቀመጥበት ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። ስዊቾች የኩዌሪየሩን ጥያቄ የሚቀበሉበትን ፖርት የራውተር ፖርት አድርገው ስለሚይዙት፣ በቪላኑ ውስጥ ያለው የመልቲካስት ትራፊክ በሙሉ አባል ቢኖርም ባይኖርም ወደዚያ አቅጣጫ ይፈስሳል። ስለዚህ ቦታው በማዕከሉ ስዊች ላይ እንጂ በቀጭን መስመር በተያያዘ የዳር ስዊች ላይ አይደለም። ሁለት ኩዌሪየሮች ሲገናኙ የሚያሸንፈው ዝቅተኛው የአይፒ አድራሻ ያለው በመሆኑ፣ አድራሻውን በዘፈቀደ አትስጡ።

ቡድንን በፖርት ላይ በቋሚነት ማሰር ተገቢ የሚሆነው የአባልነት መልእክት መላክ ለማይችል መሣሪያ ነው። የኩዌሪየርን መጥፋት ለመሸፈን ሲውል ግን ምስሉን ይመልሳል፣ ምክንያቱን ይደብቃል፤ መሣሪያው ወደ ሌላ ፖርት ሲዛወርም የቀድሞው ፖርት ማንም የማይፈልገውን ትራፊክ ሲያፈስስ ይኖራል። ካሰራችሁት፣ ለምን እንዳሰራችሁት በፖርቱ መግለጫ ላይ ጻፉ።

ፈጣን መውጫ በሚባለው ቅንብርም ተጠንቀቁ። በተለመደው አሠራር አንድ ተቀባይ ቡድኑን ሲለቅ፣ ሌላ ፈላጊ እንዳለ የሚያጣራ ጥያቄ ይላካል፤ ይህ ቅንብር ሲበራ ግን ፖርቱ ወዲያው ይቆረጣል። በአንድ ፖርት ላይ አንድ ተቀባይ ብቻ ካለ መልካም ነው፤ ከፖርቱ ጀርባ ሌላ ስዊች ካለ ግን የአንዱ መውጣት የሌሎቹን ምስል ያቋርጣል።

አድራሻ ስትመርጡ ከቡድኑ አይፒ ወደ ማክ አድራሻ (ስዊቾች ትራፊክ ለማስተላለፍ ወደሚጠቀሙበት አድራሻ) የሚሸጋገሩት የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ መሆናቸውን አስታውሱ። ስለዚህ 239.1.1.1 እና 239.129.1.1 አንድ የማክ አድራሻ ይጋራሉ፤ በማክ ብቻ የሚያስተላልፍ ስዊችም አይለያቸውም። በ239.0.0 እና በ239.128.0 የሚጀምሩትንማ ጨርሶ ተዉአቸው፤ ስዊቾች ለሁሉም ፖርት ከሚያሰራጩት ከ224.0.0 ክልል ጋር ይጋጫሉ።

ስኑፒንግ ራሱ አስገዳጅ ደረጃ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4541 የተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ ነው። በዚህም ምክንያት የሁለት አምራቾች ስዊቾች ጠባይ ሊለያይ ስለሚችል፣ ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊት ምስሉን ከፍታችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቆዩ፤ የቡድኑን ሠንጠረዥም በየስዊቹ ላይ ደጋግማችሁ ተመልከቱ።