«ፈጣሪ ተቆጥቶሽ ነው» ለተባለች እናት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ገጠር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ገና ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ባቄላዬን ውርጭ መታው። ትንሿ ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ከሆስፒታል የታዘዘላትን ኪኒን ትውጣለች። አንድ ጊዜ ክፉኛ ታማ ስትተርፍልኝ ለጻድቃኔ ማርያም ወይፈን ተስዬ ነበር። ወይፈኑ ግን ለባለቤቴ ሕክምና ተሸጠ። አሁን ጎረቤቶቼ «ስለትሽን አስቀርተሽ ፈጣሪ ተቆጥቶሽ ነው» ይሉኛል። አንድ ሌሊት መሮኝ «ምን በደልኩህ?» ብዬ እግዚአብሔርን ተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፈርኩ። ልጄን ጠበል ልውሰዳት ስልም «ኪኒኑን ካልተውሽ ጠበሉ አይሠራም» አሉኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የባለቤትሽንም ነፍስ ይማር።

ከጎረቤቶችሽ ልጀምር። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ሰምተው ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ ደግ ሠርተዋል። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ሳትበድል ይህ አይመጣብህም» አሉት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በኢዮብ ላይ አይደለም፤ በእነርሱ ላይ ነው። «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ብሎ ወቀሳቸው፤ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው አዘዘ። ለቅሶ ቤት ገብተን ዝም ማለት የሚያቅተን ሁሉ ይህን ምዕራፍ ብናነበው ጥሩ ነበር።

ጌታችንም ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» ሲሉት «እርሱም ወላጆቹም አይደሉም» አለ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜም፣ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ እንዳይመስላችሁ ብሏል።

የራሳችንን አገር ደግሞ እይ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በዋለ ማግስት፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ለበዓሉ የመጣውን ሕዝብ የግራዚያኒ ጦር ረሸነ። ዲያቆናቱን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን አምጥተው እንግጫ ላይ ገደሏቸው። እነዚያን ልጆች «እግዚአብሔር ተቆጥቷቸው ነው» የሚል ሰው አለ? ማንም አይልም። ታዲያ በአንዲት መበለት ላይ ሲሆን ምላሳችን ለምን እንዲህ ይፈጥናል?

ውርጩንም ቢሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ቅዝቃዜው ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ እዚያ ያለውን ቡቃያ ሁሉ ያከስለዋል። ስለቱን የከፈለውንና ያልከፈለውን ማሳ አይለይም።

ይህን ስል ሰው በራሱ ጥፋት የሚያመጣው መከራ የለም ማለቴ አይደለም። ጠጥቶ ቤቱን የሚያፈርስ አለ። የሚመረምረው ግን ያው ሰው ራሱና የንስሐ አባቱ ናቸው። በቡና ላይ የሚበየን ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ንግግርሽ ልምጣ። «ምን በደልኩህ?» ማለትሽ ከቤተ ክርስቲያን አያስቀርሽም። ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል፤ ይህንንም ሰው በየቀኑ ዳዊት ሲደግም ያነበዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከፈጣሪው ጋር የሚሟገት ሰው ሳይሆን ተቀይሞ መነጋገሩን የተወ ሰው ነው። አንቺ ተናገርሽ እንጂ ዝም አላልሽም። እርሱም ሰምቶሻል። በአፍሽ ያመለጠሽ ሌላ የሚከብድሽ ቃል ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ቀኖናሽን ተቀበዪ። ቅዳሴ ግን የሚመጣው እሑድ ሂጂ። መዝሙረ ዳዊት ማንበብ ካቃተሽ «አቤቱ ማረኝ» በቂ ነው።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትፈልገው ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ያ ሁሉ ተአምር የሠራ ነቢይ ነው እንዲህ ያለው። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እንቅልፍ ወሰደው። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፤ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና «መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ወደ ኮሬብ የሚወስደውን የ40 ቀን ጉዞ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምክሩም ተልእኮውም ከምግቡና ከእንቅልፉ ኋላ መጣ። ስለዚህ እኅቴ፣ ራስሽን በረሃብና በእንቅልፍ እጦት አትቅጪ። ሐዘንሽ እንቅልፍ ከነሣሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ ለንስሐ አባትሽም ለጤና ባለሙያም ሳትደብቂ ንገሪ። ነውር የለውም።

ኤልያስን መልአክ መገበው፤ አንቺን የሚመግብሽ ምናልባት ሰንበቴው ነው። ማኅበርም እድርም አለሽ፤ እድሩ ለቀብር ቀን ብቻ አይደለም። «በሬ የለኝም፤ በሚቀጥለው እርሻ መሬቴን በደቦ እረሱልኝ» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። የገጠሩ ሰው ክፉ ቢናገርም ሲለምኑት እንቢ አይልም፤ ያው ጎረቤትሽ ሞፈሩን ይዞ ሲመጣ ታዪዋለሽ። «ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም» የተባለውን እንዲፈጽም ዕድል ስጪው።

የስለቱን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። አዎ፣ የተሳሉትን መክፈል ይገባል፤ መጽሐፈ መክብብ «መክፈሉን አታዘግይ» ይላል። ነገር ግን ያው ሕግ የድሃውን ነገር አልረሳም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ቁጥር 8 ላይ፣ የተሳለው ሰው መክፈል የማይችል ድሃ ከሆነ በካህኑ ፊት ይቆማል፤ ካህኑም በአቅሙ ልክ ይገምትለታል። ስለዚህ ለንስሐ አባትሽ «ወይፈኑ ተሸጧል፤ ይህን ያህል አለኝ» በያቸው። ጧፍ ይሁን፣ ዕጣን ይሁን፣ ሲሞላልሽ የምትሰጪው ይሁን፣ እርሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። እመቤታችን ወይፈን የምታሳድድ አበዳሪ አይደለችም። ልጆችሽን አስርበሽ፣ ተበድረሽ በሬ እንዳትገዢ።

የልጅሽ ኪኒን ላይ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። እንዳታቋርጪው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለዚያ ከተፈቀደ ለዚህ የሚከለክል የለም። ጠበሉም ኪኒኑም ከአንድ እጅ የመጡ ናቸው።

ጠበል ስትወስጃት ኪኒኗን ከነማዘዣው ያዢ፤ ሰዓቱም አይለፍ። ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ እንዳታድር፤ የእንቅልፍ እጦት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ስትጠመቅ አንድ ጎልማሳ አጠገቧ ይቁም፤ ውኃ ባቆረበት ቦታ ብቻዋን አትግባ። ሰባት ዓመት ካልሞላት የጾም ግዴታ የለባትም። ከሞላትም በሕመሟ ምክንያት የንስሐ አባትሽ ይፈቱላታል። እዚያ «ኪኒኑን ጣይው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ክርክር አትግጠሚ። የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቂ፤ መድኃኒቱን ስለመቀነስ ወይም ስለማቆም የሚወስነው ግን ያዘዘላት ሐኪም ብቻ ነው።