መጋረጃውን አትንኩት

ልጆቼ፣

በቀደም ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ካፌ ቁጭ ብለን ሳለ የጓደኛዬ ልጅ ስልኩን አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት የሚዋጉ አገሮች እስከ ወሩ መጨረሻ ተኩስ ያቆማሉ ወይ? ከሥሩ ሁለት ቁልፎች። «አዎ» 7 ሳንቲም፣ «አይ» 93 ሳንቲም። «ጋሼ፣ ‹አዎ›ን በ7 ሳንቲም ይገዛሉ። ከተፈራረሙ 1 ዶላር ይከፈልዎታል። ካልተፈራረሙ 7 ሳንቲምዎ ቀለጠች ማለት ነው» ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮንትራክተር ሆኖ ለመንግሥት የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያየው ነገር አለ። እሱ ትንሽ ነገር ቢለኝ እኮ...» ብሎ ዝም አለ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያ ዝምታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

እኔ 26 ዓመት የሠራሁት በአንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ከቁጥር ጋር ነው። ገበያ የሚጠብቃቸው ቁጥሮች ነበሩ። ሪፖርት በሚወጣበት ቀን ገና ሳይነጋ እንገባለን። ስልካችንን በር ላይ እናስረክባለን። የመስኮቱ መጋረጃ ይወርድና ይታሸጋል። በሩ ላይ ጥበቃ ይቆማል። ሰዓቱ እስኪደርስ የገባ አይወጣም። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩ ገባኝ፣ በሩም ገባኝ። መጋረጃ ለምን እንደሚታሸግ ግን አልገባኝም ነበር። የነገረኝ አንድ ጡረታ የደረሰ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1905 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የጥጥ ምርት ግምት ሲያወጣ የጥጥ ዋጋ ወይ ይሰቀላል ወይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሀብታም ይሆናል። አንድ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ከውጭ ካሉ ነጋዴዎች ጋር ተስማማ። አልጻፈላቸውም፣ አልነገራቸውም። መስኮቱ ላይ ያለውን መጋረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ውጭ የቆመው ሰው አይቶ ይሄዳል። ቅሌቱ ሲወጣ አገር ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ ያ ሪፖርት የሚዘጋጀው በተቆለፈ ክፍል ነው። ዛሬም ድረስ።

እኔም ተፈትኛለሁ። በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። የክርስትና ልጄ አባት፣ እንደ ወንድም የምንተያይ ሰው፣ እቤቴ መጥቶ እራት በላ። ሲወጣ በር ላይ ያዘኝ። «ምንም እንድትናገር አልፈልግም። ከመግባትህ በፊት ባለው ማታ እደውልልሃለሁ። ‹ደህና ነኝ› ካልከኝ ይወጣል ማለት ነው። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ካልከኝ ይወርዳል» አለኝ። አስቡት፣ የእግዚአብሔርን ስም መጋረጃ ሊያደርገው። እምቢ አልኩት። ተቀየመኝ፣ ሁለት ዓመት እግሩን ከቤቴ ሰበሰበ። በኋላ ታርቀናል። ያኔ ግን ብቻዬን ስሆን «ምን ነበረበት?» ያልኩበት ሌሊት አለ፣ አልዋሻችሁም። ልጆች ነበሩኝ፣ የቤት ዕዳ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። እነዚህ የትንበያ ገበያዎች፣ ፖሊማርኬት፣ ካልሺ የሚባሉት፣ ዛሬ ቀላል ነገር አይደሉም። በ2024 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ፖሊማርኬት ብቻውን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አንቀሳቅሷል። በኳስ ቤቲንግ ያደጋችሁ ልጆች ይህንንም እንደዚያው ልታዩት ትችላላችሁ። አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኳሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። የመንግሥት ውሳኔ ግን የሚወሰነው በር ተዘግቶ ነው። በሩ ውስጥ ያለ ሰው ሲወራረድ ጨዋታው አልቋል፣ ውጤቱን ያውቀዋል። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ብቻ ነው የሚጫወት የሚመስለው።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2026 ለሊት የአሜሪካ ኃይሎች ካራካስ ገብተው የቬንዙዌላውን ኒኮላስ ማዱሮን ይዘው ወጡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት አንድ አዲስ የፖሊማርኬት አካውንት ማዱሮ ከሥልጣን ይወገዳል ብሎ ወደ 32 ሺህ ዶላር ገደማ አስይዞ ነበር። ከ400 ሺህ ዶላር በላይ አተረፈ። አገር ሁሉ «ከውስጥ ሰው ነው» ብሎ ጠረጠረ። በቀናት ውስጥ የኒው ዮርኩ የምክር ቤት አባል ሪቺ ቶረስ የመንግሥት ሰዎች እንዲህ ባለ ገበያ ላይ በሚስጥር መረጃ እንዳይነግዱ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። በፌብሩዋሪ ደግሞ እስራኤል ውስጥ አንድ ተጠባባቂ ወታደርና አንድ ሲቪል በወታደራዊ ሚስጥር ፖሊማርኬት ላይ ተወራርደዋል ተብለው ተከሰሱ። እዚያ ልጆቻቸው ወታደር ቤት ያሉ ስንት ወገኖቻችን አሉ። የሌሎች እናቶች ልጆችም አሉ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ውርርዱ ራሱ መጋረጃ ነው። 7 ሳንቲም የነበረው በአንድ ሌሊት 15፣ 20 ሲሆን ዋጋው ለዓለም ሁሉ ይታያል። የጠላት አገር መኮንንም ስልክ አለው። የተወራረደው ልጅ ለማንም ቃል አልተናገረም፣ ወረቀት አላወጣም። ግን ሄሊኮፕተሩ ገና ሳይነሳ «ዛሬ ነው» ብሎ አደባባይ ላይ ጮኋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። አሁን ያለ ብቅልም የሚወጣበት መንገድ ተገኘ።

የጓደኛዬ ልጅ ይህን ስለው ተከራከረኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የሚያውቅ ሰው ሲገባበት ዋጋው ወደ እውነት ይጠጋል። ይሄ ለሁሉም አይጠቅምም?» አለኝ። እንዲህ የሚሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራንም አሉ። ስለ ዝናብ ወይም ስለ አዲስ ስልክ ዋጋ ከሆነ ልስማማ እችላለሁ። አንድ ሰው ለመሞት በሚሄድበት ሌሊት ግን እውነቱ ቀድሞ መውጣቱ ራሱ ነው ጉዳቱ። ሌላም አለ። የተወራረደ ሰው ፍላጎት አለው። ቀኑ አርብ እንዲሆን ገንዘብ ያስያዘ አማካሪ፣ አለቃው «ሰኞ ይሻላል» ሲለው ምን ይመክራል? ምናልባት በቅንነት ይመክር ይሆናል። እሱ ራሱ ግን ከዚያ በኋላ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ምክሩን ለራሱ ሸጦታል።

«ትንሽ ናት» አትበሉ። በሜይ 22 ቀን 2024 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ምርጫው ጁላይ 4 ይሆናል ብለው አስታወቁ። ከሦስት ቀን በፊት የቅርብ የፓርላማ ረዳታቸው ክሬግ ዊሊያምስ ምርጫው በጁላይ ይሆናል ብሎ 100 ፓውንድ አስይዞ ነበር። ኦዱ 5 ለ1 ነው። ቢበላ የሚያተርፈው 500 ፓውንድ ነው። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰውየው የፍርድ ስህተት ሠራሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ፓርቲው ድጋፉን አነሳ፣ ወንበሩን አጣ። በ2025 ኤፕሪል የቁማር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እሱን ጨምሮ 15 ሰዎችን ከሰሰ። አንዱ የቀድሞ ፖሊስ ነው። ክስ ማለት ጥፋተኛ መባል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እናንተም እወቁት። ግን 500 ፓውንድን አስቡት። የአንድ ሳምንት የአስቤዛና የቤንዚን ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጄምስ ሄንሪ ቶማስ ታሪክ ነው። ድሃ ሆኖ ያደገ፣ በልጅነቱ ባቡር ማጽዳት የጀመረ፣ ኋላ ባቡር የነዳ፣ ከዚያ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር መሪ የሆነ እንግሊዛዊ ነው። ሚኒስትር እስከመሆን ደረሰ። በ1936 የጸደይ ወራት የዓመቱ በጀት ገና ይፋ ሳይሆን የገቢ ግብርና የሻይ ቀረጥ እንደሚጨምር ያውቅ ነበር። ለሁለት ወዳጆቹ አሾለከ። ወዳጆቹ ለንደን በሚገኘው በሎይድስ ገበያ ግብር ከጨመረ የሚከፍላቸው ኢንሹራንስ ገቡ። ስሙ ኢንሹራንስ ይሁን እንጂ ነገሩ ውርርድ ነው። የምርመራ ጉባኤ ተቀመጠ፣ ሚስጥሩ ከእሱ መውጣቱን አረጋገጠ። ሥልጣኑን ለቀቀ፣ የፓርላማ ወንበሩንም ተወ። ከባቡር ማጽጃ ጨርቅ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የፈጀበትን ዘመን ሳስበው፣ እንደኛ ያለ ከታች የመጣ ሰው ነው የሚታየኝ።

እናንተ ሚኒስትር አይደላችሁም። ግን ሚስጥር ሚኒስትር ጋ ብቻ ያለ ይመስላችኋል? በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ የእኛ ልጆች የት የት እንዳሉ እዩ። አይቲ ላይ ያለው የሰው ኢሜይል የሚያልፍበትን ሰርቨር ይጠብቃል። አስተርጓሚው ስብሰባ መሃል ተቀምጧል። ጥበቃው ማን በስንት ሰዓት ገብቶ እንዳመሸ ያያል። ሊሞ የሚነዳው ከኋላ ወንበር የሚወራውን ይሰማል። ቢሮ የምታጸዳዋ እህታችን ነጩ ሰሌዳ ላይ ያልጠፋ ጽሑፍ ታያለች። እነዚህን ሰዎች ያስገቧቸው ስለታመኑ ነው። የአገራችን ሰው ለዚህ ከ«ሚስጥር» የሚከብድ ቃል አለው። አደራ ይለዋል። ያጠፋውንም ሌባ አይለውም፣ አደራ በላ ነው የሚለው። አያቴ አንድን ሰው አደራ በላ ካለች በኋላ ቡናዋን አላጠጣችውም፣ እስክትሞት።

አዲስ አበባ ያላችሁም አትራቁ። ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ። ቀኑን ከሳምንት በፊት የሚያውቅ ሰው ምን ማድረግ ይችል እንደነበር አስቡ። አደረገ አላልኩም፣ ማንንም አልጠረጥርም። ደመወዙን በብር የሚቀበል ጎረቤቱን አስቡት ነው የምለው። አሁን የካፒታል ገበያም አለን። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) በውስጥ መረጃ መነገድን ወንጀል አድርጎታል። እዚህ አሜሪካም ከ2010 እና ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ያገኘውን ሚስጥር ለግል ትርፍ እንዳያውል የሚከለክሉ ሕጎች አሉ። «ስሜ አይታይም» የሚል ደግሞ ተሳስቷል። ፖሊማርኬት ላይ ያለው ግብይት ብሎክቼይን በሚባል፣ ማንም ሊያየው በሚችል የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ይመዘገባል። ስሙ ባይኖር ዱካው አለ፣ አይጠፋም።

ሥራ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። በሥራችሁ ምክንያት ብቻ የምታውቁት ነገር ላይ፣ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ሳንቲም አታስይዙ። ወዳጃችሁ ሲጠይቅም «አላውቅም» አትበሉ፣ ውሸት ይሆናል። «አልናገርም» በሉ። የተቀየመ ይቀየም። እኔ ያለፍኩበት ነው፣ ይመለሳል። ከሁሉ ደግሞ፣ እናንተ ከውጭ ከሆናችሁ፣ ውስጥ ያለውን ልጅ አትጠይቁት። እሱ ላይ የሚወድቀውን ሸክም አታውቁትም።

የጓደኛዬ ልጅ ያን ዕለት ማታ ደወለልኝ። ኮንትራክተሩን አግኝቶት ነበር። «ስለ ሥራው ምንም አልጠየቅኩትም ጋሼ» አለኝ። የኮንትራክተሩ እናት ደሴ ታማ ኖሯል። ትኬት እንዴት እንደሚቆርጥላትና እዚህ አምጥቶ እንዴት እንደሚያሳክማት ሲያወሩ አምሽተዋል።