አኒሜሽን መማርና ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኮሌጅ ገብተን ሳምንታት አለፉ፤ እስካሁን ኳስ ብቻ ነው የምናነጥረው። ለምን?

መልስ፦ ክብደት የሚለመደው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው፣ እህቴ። ኳሱ ከላይ ጫፍ ሲደርስ ምስሎቹ ይቀራረባሉ፣ መሬት ሲጠጋ ይራራቃሉ። እኩል ካራራቅሻቸው ይንሳፈፋል። ብዙ ተማሪ የሚስተው ግን ጊዜውን ነው፤ ከፍታውን እየቀነሰ የፍሬሙን፣ ማለትም የምስሉን፣ ቁጥር እንዳለ ይተወዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም ስትሠሪ የመጀመሪያው ንጥረት አየር ላይ 24 ፍሬም ከቆየ፣ ከፍታው ግማሽ የሆነው 17 ገደማ፣ ሩብ የሆነው 12 ይቆያል። ይህ ሳይገባሽ ሰው ብታራምጂ እግሩ መሬት የረገጠ አይመስልም።

ጥያቄ፦ በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር? ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ለ3ዲ ብሌንደር፣ ለእጅ ስዕል ክሪታ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ጥያቄ፦ ገጸ ባሕርዬ አማርኛ ይናገራል። ለእንግሊዝኛ የተሠራው የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዥ አልሄደልኝም።

መልስ፦ ሰንጠረዡን ከፊደል ገበታችን አውጣው፤ ሥራውን አባቶች ጨርሰውልሃል። ካዕብ ጠባብ ክብ፣ ሳብዕ ሰፋ ያለ ክብ፣ ራብዕ ክፍት፣ ሳልስና ኃምስ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ግዕዝ ገርበብ ያለ፣ ሳድስ ሊዘጋ የቀረበ። ለ«መ»፣ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» የተዘጋ ከንፈር፤ ለ«ፈ» ደግሞ የታችኛውን ከንፈር የነካ ጥርስ ጨምር። ስምንት አፍ ይበቃሃል። ሀ እና አ ግዕዝ ቢሆኑም የሚነበቡት እንደ ራብዕ ስለሆነ ክፍቱን ስጣቸው።

ጽሑፉን ሳይሆን ድምፁን ተከተል። በ«ሰማ» ውስጥ «ማ» ይጠብቃል፣ በ«ሰማይ» ይላላል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። ሲጠብቅ የተዘጋውን ከንፈር አቆየው፤ ሲላላም ቢያንስ ሁለት ፍሬም ስጠው፣ አለዚያ ዓይን አይዘውም። አፉ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቢቀድም ጥሩ ነው፤ ከዘገየ ግን ወዲያው ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ ማስተማር እፈልጋለሁ። ሥራዬን እንዴት ላሳይ?

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲዎች ለሌክቸረርነት በብዛት ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ማስታወቂያውን አስቀድመሽ አንብቢ። የሥራ ናሙናሽ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ፣ ምርጡ ከፊት ይሁን። ለመምህርነት ስትወዳደሪ ያለቀውን ሥራ ብቻ አታሳዪ፤ የአንዱን ትዕይንት ንድፍ፣ ዋና ዋና አቋሞቹንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አቅርቢ። ማስተማር እንደምትችዪ የሚመሰክረው ይህ ነው። ተማሪዎች ካሉሽ በፈቃዳቸው የእነሱንም ከእርማትሽ ጋር ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ሬንደር (ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አስልቶ ሲያወጣ) መሃል ላይ መብራት እየጠፋ አስቸገረኝ።

መልስ፦ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አታውጣ፤ ከተቋረጠ ሁሉም ሊበላሽ ይችላል። እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ በፒኤንጂ ምስል አውጣ፤ 10 ሰከንድ 240 ምስል ይሆናል። ብሌንደር ውስጥ ነባሩን ፋይል ደርቦ እንዲጽፍ የሚያዘውን ምልክት (Overwrite) አጥፋ። መብራት ሲመጣ መጨረሻ የወጣውን ምስል አጥፋ፣ ግማሽ ተጽፎ ሊሆን ይችላልና። እንደገና ስታስጀምረው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሲያልቅ ምስሎቹን ከድምፁ ጋር አቀናብር።