በፖስታ የሚመጣ ፊርማ፦ ስለ ቤዝቦል ካርዶች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻቸው የቤዝቦል ካርድ ይዘው «ለተጫዋቹ ልኬለት ይፈርምልኝ» እያሉ እንደሚያስቸግሯቸው ደጋግመው ነግረውኛል። እኔ ናሽናልስ የተባለው ቡድን ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ከመጣበት ከ2005 ጀምሮ በዚህ ልማድ ተይዤ የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ የሚጠይቅ ሁሉ እንዲጠይቀኝ ፈቅጄ ነበር፤ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ስለ ቤዝቦል በቅጡ የማውቀው ነገር የለም። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ግን ካርዱን ለማያውቀው ሰው ልኮ ፊርማ መጠየቅ ይፈልጋል። የማያውቁትን ሰው እንዲህ መለመን ነውር አይሆንም?

መልስ፦ ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ በአንድ ፊቱ የተጫዋቹ ፎቶግራፍ፣ በጀርባው የጨዋታ ውጤቱ የታተመበት ጠንካራ ወረቀት ሲሆን፣ ስፋቱ ቶፕስ የተባለው አሳታሚ በ1957 ከወሰነው ከሁለት ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ልክ እስካሁን አልተለወጠም። ልጅዎ ይህን ካርድ ከአጭር ደብዳቤ ጋር፣ እንዲሁም የራሱ አድራሻ ከተጻፈበትና ቴምብር ከተለጠፈበት ባዶ ፖስታ ጋር አድርጎ በተጫዋቹ ቡድን አድራሻ ይልከዋል፤ ተጫዋቹ ፈቃዱ ከሆነ ይፈርምና በዚያው ባዶ ፖስታ ከትቶ ይመልሰዋል። ወጪውንም ድካሙንም ላኪው አስቀድሞ የሸፈነ ስለሆነ፣ ለተጫዋቹ የተረፈለት ሥራ ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። እምቢ ለማለት ቢፈልግም ዝም ማለት ይበቃዋል፤ ፊት ለፊት የሚያፍረው ሰው የለበትም። ስለዚህ ነውርነቱ አይታየኝም። ይልቁንም አንድ ልጅ በስታዲየም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ከመጮህ ይልቅ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ መጻፉን እኔ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ፖስታው ውስጥ የሚገባውን በዝርዝር ቢነግሩን።

መልስ፦ ለመላኪያ ረጅሙን የቢሮ ፖስታ ይጠቀሙ፤ ለመመለሻውም ተመሳሳዩን ወስደው ሁለት ጊዜ አጥፈው በውስጡ ይክተቱት። በመመለሻው ፖስታ ላይ አድራሻዎን በላኪውም በተቀባዩም ቦታ ይጻፉ፤ እንዲህ ካደረጉ ፖስታው በየትኛውም መንገድ ቢዞር ወደ እርስዎ ይመጣል። በፖስታው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የተጫዋቹን ስም በእርሳስ በትንሹ ያስፍሩ። ለምን ቢሉ፣ መልሱ ከስምንት ወር በኋላ ሲመጣ ለማን ልከው እንደነበር ይረሳሉ፣ ፊርማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዶክተር የጻፈው መድኃኒት ማዘዣ ይመስላል።

ቴምብሩ ፎርኤቨር የሚባለው ይሁን። ይህ ከ2007 ጀምሮ የሚሸጥ ቴምብር ሲሆን፣ ከገዙት በኋላ የፖስታ ዋጋ ቢጨምርም እስከ አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ለሚደርስ ደብዳቤ ሁልጊዜ ያገለግላል፤ መልሱ ሁለት ዓመት ቢዘገይ እንኳ ቴምብርዎ ጎደለ አይባልም። አንድ ወረቀት፣ አንድ የታጠፈ ፖስታና ሁለት ካርድ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ክብደት አያልፉም። ካርዱ እንዳይታጠፍ ከቁርስ እህል ካርቶን ላይ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ይበቃዋል። ጠንካራውን የፕላስቲክ መያዣ ግን አይላኩ፤ የማይታጠፍ ፖስታ በመለያው ማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ማርከርም አይጨምሩ፤ ማሽኑ ሲጨፈልቀው ቀለሙ ካርዱን ያበላሻል፣ ተጫዋቾችም የራሳቸው አላቸው።

ካርድ ከሁለት በላይ አይላኩ። ስድስት ካርድ የላከ ሰው ሰብሳቢ ሳይሆን ነጋዴ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ጥርጣሬውም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው ምን ይበል? በእንግሊዝኛ መጻፍ ያስቸግረኛል።

መልስ፦ ከአምስት እስከ ስምንት መስመር ይበቃል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛው አያስጨንቅዎ። ስምዎንና ከተማዎን ይግለጹ፣ የተጫዋቹን አንድ ጨዋታ ወይም አንድ ነገር በስሙ ጠርተው ያንሱ፣ ካርዱን እንዲፈርምልዎ በትሕትና ይጠይቁ፣ አመስግነው ይጨርሱ። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ያደግንበት ወግ፣ «ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ገጹን እስከ ግማሽ የሚሞላው፣ እዚህ አያስኬድም። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን በዚያ ወግ ሁለት ገጽ ሞልቼ ልኬ ነበር፤ እስከ ዛሬ መልስ አላየሁበትም።

በእጅ መጻፍ ከኮምፒውተር ይሻላል። ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ የተጫዋቹ ስም ብቻ እየተለወጠ የታተመ ከሆነ፣ በየቀኑ ደብዳቤ የሚከፍት ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ጥያቄ፦ አድራሻቸው የት ይገኛል? መቼስ መላክ ይሻላል?

መልስ፦ በከፍተኛው ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ የሁሉም የስታዲየም አድራሻ የታወቀ ነው። ለምሳሌ ለናሽናልስ ተጫዋች የሚላከው በ1500 ሳውዝ ካፒቶል ስትሪት፣ ሳውዝኢስት፣ ዋሽንግተን ዲሲ 20003 ሲሆን፣ ከላይ የተጫዋቹ ስም፣ ከሥሩ የቡድኑ ስም ይጻፋል። የተጫዋቾችን የመኖሪያ ቤት አድራሻ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ በመጫወት ላይ ላለ ሰው ቤት መላክን ግን እኔ አልደግፍም። ቤቱ ቤቱ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ስፕሪንግ ትሬይኒንግ የሚባለው የቅድመ ውድድር ልምምድ ወቅት ነው። በየካቲት አጋማሽ 15 ቡድኖች ወደ ፍሎሪዳ፣ 15ቱ ደግሞ ወደ አሪዞና ሄደው ስድስት ሳምንት ያህል ይሰፍራሉ። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን በስድስት ወር ገደማ ውስጥ 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ግማሹን የሚጫወተው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ደብዳቤው መቆለፊያ ሣጥኑ ውስጥ ይከመራል። በልምምዱ ወቅት ግን ተጫዋቹ ጧት ልምምዱን ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ትርፍ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት ወደ ልምምዱ ሜዳ ይላኩ፤ ናሽናልስ በዌስት ፓልም ቢች፣ ፍሎሪዳ ነው የሚሰፍሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ በካናዳ የሚገኝ ብቸኛው ቡድን በመሆኑ፣ ወደ ቶሮንቶ የላኩት የመመለሻ ፖስታ የአሜሪካ ቴምብር ከተለጠፈበት ከዚያ ሊነሣ አይችልም። ሆኖም ይህ ቡድን ልምምዱን የሚያደርገው በደኔደን፣ ፍሎሪዳ ስለሆነ፣ በየካቲትና በመጋቢት ከላኩለት የአሜሪካው ቴምብር ይሠራል። ቶሮንቶ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ካርድ ይሻላል? ቀለሙስ?

መልስ፦ የሚያብረቀርቀውን፣ ክሮም የሚሉትን ካርድ አይላኩ፤ ቀለሙ በላዩ ላይ እንደ ውኃ ጠብታ ይሰበሰባል። ግድ ከሆነ የሕፃን ፓውደር በስሱ ቀብተው በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ሰማያዊ ማርከር በአብዛኛው ፎቶግራፍ ላይ ከጥቁሩ ይልቅ ጎልቶ ስለሚታይ፣ በደብዳቤዎ ላይ ሊጠይቁት ይችላሉ። ከ1987 እስከ 1993 ድረስ የታተሙት ካርዶች ከመጠን በላይ ስለበዙ ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ፤ ጡረታ ለወጡ ተጫዋቾች ለመላክ ከእነርሱ የተሻለ የለም፣ ቢጠፉም አያስለቅሱም። ውድ ካርድ ግን በምንም ምክንያት በፖስታ አይላክም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከዚህ ሆኜ መሞከር እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ችግሩ መመለሻው ነው። የኢትዮጵያ ቴምብር ከአሜሪካ ለሚነሣ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። አሜሪካ ያለ ዘመድዎ ግሎባል ፎርኤቨር የተባለውን፣ ከአሜሪካ ወደ ማንኛውም አገር የሚያገለግለውን ቴምብር ገዝቶ ቢልክልዎ በመመለሻው ፖስታ ላይ ይለጥፉታል። ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን የሚባልም አለ፤ ሆኖም እርሱን ለማስለወጥ ተጫዋቹ ፖስታ ቤት መሰለፍ አለበት፣ ይህን የሚያደርግ የለም። እኔ የምመክረው የዘመድዎን የአሜሪካ አድራሻ በመመለሻው ላይ እንዲጽፉ ነው፤ ካርዱ እዚያ ይቆይና የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይመጣልዎታል። ለእኛ ሰው ደግሞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ልጠብቅ?

መልስ፦ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ዓመት። በደብተር የላኩበትን ቀን ይመዝግቡና ይርሱት።

ጥያቄ፦ የመጣው ፊርማ የተጫዋቹ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጸሐፊው ፈርሞለት ቢሆንስ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ደብዳቤ የሚበዛበት ሰው ሌላ ሰው እንዲፈርምለት ማድረጉ የቆየ ነገር ነው፤ በቡድኑ መልበሻ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ለታላላቅ ተጫዋቾች ኳስ ሲፈርሙ ኖረዋል። ማኅተምም አለ፣ ብዕር ይዞ የሚፈርም ማሽንም አለ። የማሽኑን ፊርማ ለመለየት ሁለት ፊርማዎችን ደርቦ ማየት ነው፤ የሰው እጅ ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አይጽፍም፣ ማሽኑ ግን ይጽፋል፣ መስመሩም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው። ለማነጻጸሪያ አሳታሚዎች ራሳቸው አስፈርመው በእሽጉ ውስጥ የሚያወጧቸውን ካርዶች ይጠቀሙ፤ ይህን ልማድ በ1990 የጀመረው አፐር ዴክ የተባለው አሳታሚ ሲሆን፣ የፈረመለትም የቀድሞው ተጫዋች ሬጂ ጃክሰን ነበር።

በፖስታ ከመጣው ይልቅ የሚያሰጋው ከገበያ የሚገዛው ነው። በ1990ዎቹ ኤፍ ቢ አይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ በሰየመው ምርመራ፣ መሠረቱ በደቡብ ካሊፎርኒያ የሆነ ሰፊ የሐሰተኛ ፊርማ መረብ ያዘ። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል እማሆይ ቴሬዛ ፈረሙባቸው የተባሉ የቤዝቦል ኳሶች ይገኙ ነበር። ለኳስ የፈረሙት የትኛው ጸሎት ላይ ሳሉ እንደሆነ ገዢው አልጠየቀም። ሌላም ቀላል መመርመሪያ ልስጥዎ፦ ሻርፒ የተባለው ማርከር ለገበያ የወጣው በ1964 ነው፤ ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ቤብ ሩት ደግሞ በ1948 ዐርፏል። በሻርፒ የተጻፈ የቤብ ሩት ፊርማ ያሳየዎትን ሰው አመስግነው ይለፉት።

ጥያቄ፦ ፊርማው ቢሸጥ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ለመሸጥ ከሆነ ይተዉት። ሲፈረም ያየ ምስክር ስለሌለ ገዢው የአረጋጋጭ ድርጅት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ለአብዛኛው ተጫዋች ደግሞ የማረጋገጫው ክፍያ ከፊርማው ዋጋ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ካርዴን ሳይፈርም «ገንዘብ ላክ» የሚል ወረቀት ጨምሮ መለሰልኝ። ተቀየምሁ።

መልስ፦ አይቀየሙ፤ ካርዱን መመለሱ ራሱ ጨዋነት ነው። በቀደመው ዘመን የተጫወቱት እንደ ዛሬዎቹ በሚሊዮን አልተከፈላቸውም፤ አንዳንዶቹ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት እንደሚያውሉትም በወረቀቱ ላይ ይገልጻሉ። ዋጋው ከተስማማዎት ይላኩ፣ ካልተስማማዎት ይተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሴት ነኝ። ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ለማን ልጻፍ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ስሙን ሁሉም ለሚያውቀው አትጻፊ። እርሱ ደብዳቤው በጆንያ ነው የሚመጣለት፣ ፊርማውንም ለመሸጥ ከኩባንያ ጋር የተዋዋለ ሊሆን ይችላል። በየጨዋታው መጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ ገብቶ ለሚወረውረው ፒቸር፣ የተወረወረውን ኳስ ለሚቀልበው ለተጠባባቂው ካቸር፣ ለአሠልጣኞች ጻፊ። ከከፍተኛው ሊግ ሥር በማይነር ሊግ የሚጫወቱ 120 ቡድኖች አሉ፤ እዚያ ያለ የ20 ዓመት ልጅ ደብዳቤ ሲደርሰው ከአንቺ የበለጠ ሊደሰት ይችላል። ጡረታ ለወጡትም ጻፊ። 573 ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት፣ የመታው ሃርመን ኪልብሩ፣ በ2011 ከማረፉ በፊት የሚኒሶታ ትዊንስን ወጣት ተጫዋቾች ስማቸውን በሚነበብ ጽሕፈት እንዲፈርሙ ያስተምራቸው ነበር፤ አንድ ልጅ የያዘውን ፊርማ ማንበብ ካልቻለ ምን ይጠቅመዋል የሚል ሰው ነበር። ምክሩን የሰሙት ዛሬም ፊርማቸው ይነበባል።

ካርዱ ላይ ስምሽን እንዲጽፍልሽም ጠይቂው፤ ስም የተጻፈበት ካርድ ለነጋዴ ስለማይመች ተጫዋቹ ያምንሻል። ስምሽን ግን ፊደል በፊደል ለያይተሽ፣ በትልልቁ ጻፊለት። የእኔ ልጅ ጽዮን በስምንት ዓመቷ በተቀጣጠለ ጽሕፈት ጽፋ የላከችው ካርድ ከአራት ወር በኋላ በሚያምር ሰማያዊ ቀለም ተፈርሞ መጣላት፤ ከፊርማው በላይ የተጻፈው ግን «ለሳይመን» የሚል ነበር። ሌላ እንላክ ብላት እምቢ አለች። ካርዱ አሁንም ጠረጴዛዋ ላይ ነው።