«ሃቭ ቢን» ወይስ «ሃድ ቢን»? እስከ መቼ እንደሚቆጥር እዪው

ከዳንግላ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። «‹አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ› እና ‹አይ ሃድ ቢን ዌይቲንግ› ሁለቱም ‹ስጠብቅ ቆየሁ› ማለት አይደሉም ወይ? ፈተና ላይ በምን ልለያቸው?» ብለሻል። እኔ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል፤ የሚያነሱትም አብዛኛውን ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሁለቱም አንድ ነገር ተጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ እንደቆየ ይናገራሉ። እዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም። የሚለያዩት ቆይታው እስከ መቼ ይቆጠራል በሚለው ነው። «ሃቭ ቢን» እስከ አሁን፣ እስከምንነጋገርባት ደቂቃ ድረስ ይቆጥራል። «ሃድ ቢን» ግን አንድ ያለፈ ጊዜ ላይ ሲደርስ ቆጠራውን ያቆማል። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ክፍል ውስጥ የማሳየው እንዲህ አድርጌ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ይወቃል። ጠዋት ቤተሰቡን ሲያግዝ ቆይቶ ለከሰዓት ፈረቃ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። ፀጉሩ ላይ ገለባ አለ፤ ሹራቡ አቧራ ለብሷል፤ አንገቱን ደጋግሞ ያካል። አውድማው ላይ ማንም አላየውም፣ ግን ሁሉም አውቋል። «ሂ ሃዝ ቢን ትሬሺንግ ጤፍ» እንላለን። ልብ በይ፣ ውቂያው ለዛሬ አልቋል። ምልክቱ ግን አሁን ፊታችን ነው፤ ስለዚህ «ሃዝ ቢን» ተባለ። ብዙ ተማሪ ይህ ቅርጽ ገና ላልቆመ ድርጊት ብቻ የሚያገለግል ይመስለዋል። አይደለም። ድርጊቱ አሁን በቅርቡ ቢቆምም፣ አሻራው አሁን የሚታይ ከሆነ ይሠራል።

በማግስቱ ስለዚያው ልጅ እናውራ። አሁን ገለባው ተራግፏል፣ ነገሩም የትናንት ሆኗል። «ሂስ ሄር ዋዝ ዳስቲ ቢኮዝ ሂ ሃድ ቢን ትሬሺንግ ጤፍ።» ልጁም ያው ነው፣ ጤፉም ያው ነው። «ዋዝ» የምትለዋ ግስ ግን ወሬውን ወደ ትናንት ወስዳዋለች። ስለዚህ «ሃድ» ግድ ሆነ።

አሁን ብዙ ነጥብ የሚያስጥለውን ልንገርሽ። «‹ሲንስ› ወይም ‹ፎር› ካየሽ ‹ሃቭ ቢን› ምረጪ» የሚል አቋራጭ አለ። አትመኚው! ሁለቱም ቃላት ከሁለቱም ቅርጾች ጋር ይሄዳሉ። «ሺ ዋዝ ታየርድ ቢኮዝ ሺ ሃድ ቢን ዎኪንግ ሲንስ ሰንራይዝ» ምንም ስህተት የለበትም። «ሲንስ» መነሻውን ይነግርሻል፤ «ፎር» ርዝመቱን። አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ መድረሻውን ነው። ስለዚህ ዓይንሽን ከባዶ ቦታው አንሺና ሌላውን ግስ ፈልጊ። «አራይቭድ»፣ «ሰይድ»፣ «ዋዝ» ዓይነት ካገኘሽ ወደ «ሃድ ቢን» ሂጂ። «ኢዝ»፣ «አር» ወይም «ናው» ካለ «ሃቭ ቢን» ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ሂር ሲንስ አይ ሌፍት ቡሬ።» «ሌፍት» ያለፈ ግስ ነው፤ ግን ከ«ሲንስ» ቀጥሎ ስለመጣ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ሰውየው አሁንም እዚሁ ይኖራል። ፈተና አውጪ ይህን ቢያመጣ ብዙ ሰው ይወድቅበታል።

በነገራችን ላይ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ለማለት «ሲንስ ኤይት ኦክሎክ» ብለሽ ጻፊ። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር እንዳለ ይዘው የሚገቡ ብዙ ናቸው።

«ሃድ ቢን»ን ከ«ዋዝ» ጋር የሚያምታቱም አሉ። «ዌን ዊ ሪችድ እንጅባራ፣ ኢት ዋዝ ሬይኒንግ» ካልሽ ከመኪና ስትወርዱ ዝናቡ ራሳችሁ ላይ እየወረደ ነው። «ኢት ሃድ ቢን ሬይኒንግ» ካልሽ ግን ዝናቡ ከመድረሳችሁ በፊት ሲዘንብ ነበር። ምናልባት አባርቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። በአማርኛ ሁለቱንም «ይዘንብ ነበር» ልንላቸው ስለምንችል ነው የሚያደናግረን።

«ኖው» (ማወቅ) እና «ቢሊቭ» (ማመን)ን የመሳሰሉ ግሶች ደግሞ እዚህ ጨዋታ ውስጥ አይገቡም። «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቱ ይርስ» ነው የሚባለው፤ «ቢን ኖዊንግ» የለም።

አሁን ከራስሽ ውሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሪ፤ አንዱ ስለ ዛሬ፣ አንዱ ስለ ትናንት ይሁን። እዚሁ ከሥር ጻፊልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።